እትዬ ናፍታሊንና ያልታጠበው ኮት

አክስቴን በሕንፃው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ያለው ሰው ሁሉ «እትዬ ናፍታሊን» ነው የሚላት፤ እሷም ትሰማለች፣ ትስቃለችም። እንግዳ ሰው ቤቷን ፈልጎ ቢመጣ የበር ቁጥር መጠየቅ አያስፈልገውም። ደረጃውን ሲወጣ ዓይኑ ውሃ ማቋጠር ከጀመረ ደርሷል ማለት ነው።

በሩን ስትከፍት ቀድማ የምታየው ፊት አይደለም፤ ሹራብ ነው። «ግቡ» ከማለቷ በፊት ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ብሩሽ ታወርዳለች። «እስቲ ዞር በይ፣ ኮሌታሽን ልየው» ትልና አንገት ሥር፣ ብብት ሥር፣ የኪስ ክዳን ሥር ትጠርጋለች። ልጇ እጮኛውን ሊያስተዋውቃት ያመጣት ቀን፣ ልጅቷ ከመሳሟ በፊት ተቦርሻለች። «አማትሽ ሳትሆን ጉምሩክ ናት ብትለኝ ምን ነበረበት» አለችው ስትወጣ፤ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

ነገሩ ከሥራዋ የመጣ ነው። አክስቴ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ ቲያትር ቤት የአልባሳት ክፍል ኃላፊ ነበረች። የንጉሥ ካባ፣ የለማኝ ቡትቶ፣ የወታደር ካፖርት፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ ሁሉም በእጇ ነው ያለፈው። «በዚያ ካባ ሰባት ንጉሥ ተፈራርቋል» ትላለች ደረቷን ነፍታ። «ንጉሡ ይሸመግላል፣ ይታመማል፣ ይጣላና ይሄዳል። ካባው ግን አንድ ቀዳዳ አልነበረውም!»

ጡረታ ስትወጣ ካባውን ትታ እውቀቱን ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ የሕንፃው ሰው አላረፈም። ልብስ ሳይታጠብ ከተቀመጠ ለብል ማዕድ መዘርጋት ነው፤ ብል ሱፉን ብቻ ሳይሆን ላቡንና የወጡን ነጠብጣብ ነው የሚፈልገው። የታጠበው በደንብ ሳይደርቅ አይታጠፍም። ስፌቱ ተገልብጦ ይቦረሻል፤ እንቁላሉ የሚደበቀው እዚያ ነውና። ከዚያ በንጹሕ አንሶላ ተጠቅልሎ፣ ናፍታሊኑ በጨርቅ ተቋጥሮ ይቀመጥና ሳጥኑ ይዘጋል። የእርሳስ ቅራፊም ትሰበስባለች፤ በትንንሽ ከረጢት ሰፍታ መሳቢያ ውስጥ ትጥላለች፤ እንጨቱ ይሸታል፣ ብል አይወደውም ባይ ናት።

ጓዳዋም ያው ነው። ዱቄት ከተገዛ መጀመሪያ አራት ቀን ፍሪዘር ይታሰራል። ሩዙ፣ ምስሩ፣ መኮሮኒው፣ ሁሉም ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ ሆኖ የገባበት ቀን ተጽፎበታል። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ለሥራ መጥቼ ቤቷ ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ አንዳንዴ ጠዋት ስነሳ ግንባሬ ላይ የገባሁበት ቀን ተጽፎ የማገኘው ይመስለኛል።

እንዲህ ባለች ሴት ቤት አንድ ሰው ነበር፣ ሕግ የሚባል የማያውቅ። ባሏ።

የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ እጁ የማያርፍ ሰው። ተሳፋሪ እስኪሞላ መሪው ላይ ተደግፎ ኦቾሎኒ ይቆረጥማል። ኦቾሎኒው በወረቀት ተጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ነው፤ የሥራ ልብስም ይሁን የክት ልብስ ለይቶ አያውቅም። አክስቴ ኪሱን ገልብጣ ልጣጩን ስታራግፍ በየቀኑ የሚሰማ ንግግር ነበራቸው።

«ኪስ ጓዳ አይደለም!»

«ጓዳሽን ቆልፈሽብኝ፣ እኔ የት ልሂድ?»

የክት ልብሱ አንድ ኮት ነበር። ቲያትር ቤቱ ለአንድ ተውኔት የጄኔራል ልብስ ሲያሰፋ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ተረፈ፤ አክስቴ ቁራጩን አስፈቅዳ ወሰደች፣ የቲያትር ቤቱ ልብስ ሰፊ ለባሏ ኮት አድርጎ ሰፋላት። ትከሻው ቀጥ ያለ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ የሚያምር ኮት። ያን ኮት ለብሶ ሲወጣ ጓደኞቹ ተነስተው ሰላምታ ይሰጡት ነበር፤ አውቶቡስ የሚነዳ ጄኔራል።

ከሦስት ዓመት በፊት ሞተ። ልብሱን ሁሉ አጥባ ለሚፈልገው ሰጠች። ኮቱን ግን አልጋዋ ሥር ባለ የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስተኛችው።

አንድ አርብ ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁ። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ የከሰዓት ፀሐይ ወለሉ ላይ ተንጋሏል። አክስቴ ሳጥኑ ፊት ተንበርክካለች። ክዳኑን ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋ ኮሌታውን ብቻ ሳብ አድርጋ አፍንጫዋን ቀብራበታለች። ድምፅዋ ከዚያ ውስጥ ይመጣል፤ ታንጎራጉራለች፦

ተጣጥፎ የተኛ ልብስህ ያወራኛል፣
አፌ ስምህን ቢተው ሽታህ ይጠራኛል።

ወደ ኋላ ልመለስ ስል ወለሉ ሲጢጥ አለ። ቀና አለች። እንደ ሌባ ደነገጠች።

«አክስቴ፣» አልኳት፣ ሌላ የምለው አጥቼ፣ «ይሄ ሳጥን ናፍታሊን የለውም እንዴ?»

«የለውም።»

«ኮቱስ... ታጥቧል?»

ክዳኑን እንደ ሕፃን ብርድ ልብስ ቀስ አድርጋ መለሰችው። «ባጥበው ምን ይቀረኛል?» አለች። «ሳሙናው አለበት፣ ናፍጣው አለበት፣ እሱ ራሱ አለበት። ናፍታሊን ብጨምርበትስ? እሱን ትቼ ናፍታሊን ላሸት ነው?» ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። «ለማንም እንዳትተነፍሺ። ይሄ ሕንፃ ቢሰማ አለቀልኝ!»

አልተነፈስኩም። ሕንፃውን ሁሉ በብሩሽ ስታሳድድ፣ የራሷ አልጋ ሥር ያልታጠበ ሱፍ ያለ አንድ ፍሬ ናፍታሊን መተኛቱን የማውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ። ጎረቤት ሲቦረሽ ሳቄን በሳል እሸፍናለሁ።

ምስጢሩ የተነካው ልጇ ሊያገባ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ዕለት ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የመሣሪያ ቦርሳውን በር ላይ ጥሎ፣ ተቦርሾ ገባና ሻይ ይዞ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ እሁድ የአባዬን ኮት ነው የምለብሰው።»

የያዘችው ሲኒ አየር ላይ ቆመ። «ምን በወጣህ! ሱቅ ሞልቶ የለም እንዴ?»

«ሱቁማ ሞልቷል። አባዬ ሠርጌን ሳያይ ቀረ፤ ኮቱ እንኳን ይገኝልኝ እንጂ።» ፈገግ አለ። «ደግሞ አንቺ ያስቀመጥሽው ልብስ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ የማልጠራጠረው ነገር ቢኖር እሱ ነው።»

አክስቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ስኳሩ አየሁ።

በዚህ መሐል፣ ላኪ እንዳለው ሁሉ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ጠረጴዛው ላይ ተንሳፈፈች። የጥፍር ቁራጭ ታክላለች። ዞራ ዞራ በሲኒዎቹ መሐል አለፈች። በዚያ ቤት እንዲህ ዓይነት ነገር ሲበር እኔ አይቼ አላውቅም።

«ጧ!» አደረገችው አክስቴ በሁለት እጇ።

«ብል ነው እንዴ?» አለ ልጇ ዓይኑ ፈጦ። «እዚህ ቤት? አንቺ ቤት?»

«የዱቄት ነው!» አለች ገና መዳፏን ሳትከፍት። «የዱቄት ብል ነው። ከታች ነው የመጣው። ከዚያ ሰውዬ ዳቦ ቤት!» ኮቱን ሐሙስ አዘጋጅታ እንደምትሰጠው ነግራው፣ መዳፏን እንደ ማስረጃ ወደ ፊት ዘርግታ ደረጃውን ወረደች። እኔም ተከተልኳት።

ጋጋሪው ምድር ቤት ነው ያለው። የሟች ባሏ የልብ ጓደኛ ነበር፤ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ፣ ለቀልድ የሚቸኩል ሰው።

«ይኸው ያንተ ጉድ!» አለችው መዳፏን አፍንጫው ሥር አድርጋ።

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ምንድን ነው? አመድ ነው?»

«ብል ነው! ከዱቄትህ የወጣ!»

«ክንፉን ሳላይማ አልፈርድም። የዱቄቱ የክንፉ ጫፍ እንደ መዳብ ይቀላል፤ መብራት ሲያይ ተንደርድሮ ይሄዳል። የሱፉ ደግሞ...»

«ለእኔ ነው የምታስተምረው? የሱፉ ወርቅማ ነው፤ ብርሃን ሲያይ ይሸሻል።»

«ታዲያ ይሄኛው የቱ ነበር?»

አክስቴ መዳፏን አየች። ከአቧራ በቀር ምንም የለም።

«በስንት እጅ ነው የመታሽው?»

«በሁለት።»

«ምስኪን» አለ ጋጋሪው ራሱን እየነቀነቀ። «ወይ ክንፍ፣ ወይ ቀለም፣ ምንም አላስተረፍሽለት። ችሎት ብትቀመጪ ኖሮ አገር ባዶ ይቀር ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓዳው ጦር ሜዳ ሆነ። ማክሰኞ ጠርሙሶቹ ሁሉ ወረዱ። እያንዳንዷ የሩዝ ፍሬ ነጭ ጨርቅ ላይ ፈሰሰች፤ መኮሮኒው ቀዳዳው እየታየ ተመረመረ። የመደርደሪያው ስንጥቅ በኮምጣጤ ተወለወለ፤ የሚስማሩ ቀዳዳ በስፒል ተጎረጎረ። ላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤት ባለፈው ወር የመለሰችው አንድ ሲኒ ምስር ለብቻው ታስሮ ተጠየቀ። ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

የገረመኝ የአክስቴ ፊት ነበር። ሌላው ሰው ዱቄቱ ውስጥ ትል ባያገኝ ደስ ይለዋል። እሷ ግን ንጹሕ ጠርሙስ ባየች ቁጥር ትጠቁራለች። ክዳን ስትከፍት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አንዲት ትል እንድትገኝ ትለምን እንደነበር አሁን ላይ እርግጠኛ ነኝ። ጓዳው ውስጥ ካልተገኘ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነዋ!

ረቡዕ ከሰዓት ጋጋሪው ወንፊቱን በብብቱ ይዞ መጣ። «ስሜ ጠፍቶ አይቀርም» አለ። እጅጌውን ጠቅልሎ የመጨረሻውን ዱቄት በመስኮቱ ብርሃን ነፋው። ነጭ ጭጋግ ጓዳውን ሞላው። ወንፊቱ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ጓዳሽ ከእኔ ዳቦ ቤት ይጸዳል።»

አክስቴ ባዶ ጣሳ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ጋጋሪው ሳቁን ዋጠ። ደስ ያለው ሰው እንዲህ እንደማይቀመጥ ያውቃል።

«ምን ሆንሽ?»

«አንተ ጋ ካልሆነ፣ ጓዳም ካልሆነ...» አልጨረሰችውም።

«የልብስ ሳጥን ክፈቺያ።»

«ነገ። ልጁ ሲመጣ።» ያን አርባ ጊዜ የምትከፍተውን ሳጥን አሁን ፈራችው።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ልጇ መጣ፤ ጋጋሪውም ሳይጠራ ተከትሎት ገባ። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ሁለተኛዋ ብል ከመኝታ ቤቱ በር ሥር ወጣች። ማንም አላጨበጨበም። ክንፏን ለማየትም ማንም አልደፈረም። አራታችንም ቆመን አየናት። ከወጣችበት በር በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስልም ነበር።

«ልጄ፣» አለች አክስቴ፣ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ፣ «ና ተቀመጥ። የምነግርህ አለኝ። የአባትህን ኮት አላጠብኩትም። ናፍታሊንም አላደረግኩበትም። ሽታው እንዳይሄድብኝ ብዬ ነው። ሰውን ሁሉ ስቦርሽ ኖሬ፣ ያንን አንዱን ለብል አሳልፌ ሰጠሁት። እሁድ ባዶ እጅህን ከሆነ የምትቆመው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ልጇ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው አጠገቧ ተንበረከከ። «እማዬ፣ አንቺ? ሳይታጠብ?» አለ፤ ሳቅና እንባ አፉ ላይ ተጋፉበት። «እጮኛዬ ይሄን ከሰማች የመቦረሻዋን ካሳ ነው የምትጠይቅሽ።»

ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣው። ክዳኑ ተከፈተ።

ኮቱ በነጭ አንሶላ ላይ እጁን አጥፎ ተኝቷል። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ትከሻውን በመስኮቱ ፊት አነሳሁ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ፈለግሁ። ትከሻው ደህና ነው። ጀርባው ደህና ነው። እጅጌው ደህና ነው። ኮሌታው፣ ያ ሦስት ዓመት የተሸተተው ኮሌታ፣ አንድ ክር አልጎደለውም።

«ታዲያ ከየት ነው?» አለ ጋጋሪው። ኮቱን ሲያገላብጥ አንድ ነገር ኮሽ አለ። እጁን ወደ ውስጠኛው ኪስ ከተተና ፊቱን አጨፈገገ። ወጥቶ የመጣው በድር የተጠቀለለ የወረቀት ጥቅል ነው። ሲፈታው ዱቄት የሆነ ኦቾሎኒ፣ ጥቂት ነጫጭ ትሎች፣ አንዲት ደግሞ ክንፏ ገና አሁን የደረቀ ብል። የክንፏ ጫፍ እንደ መዳብ ይቀላል። መስኮቱን ስታይ ተንደርድራ ሄደች።

«የዱቄቱ ነው!» ጮኸ ጋጋሪው። «የእኔ ወገን ነው! ሱፍ ዘመዱ አይደለም፤ እህልና ኦቾሎኒ ነው የሚበላው። ክዳኑን ስትከፍቺ አንዷ ሾልካ ገብታ፣ የጓደኛዬን ስንቅ አግኝታ ጎጆ ወጥታለች።»

የኪሱ ገበር፣ ትሎቹ መውጫ ሲፈልጉ በስተውት፣ እንደ ወንፊት ተቀዳዷል። ከዚያ በቀር ኮቱ ደህና ነበር።

አክስቴ ወረቀቱን አንስታ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ከዚያ ኮሌታውን አሸተተች። እንደገና ወረቀቱን።

«ቆይ እንጂ» አለች። «እኔ በየአርቡ እሱ ነው ብዬ ስንገበገብ የኖርኩት... ኦቾሎኒ ነው?»

ጋጋሪው መነጽሩን አወለቀ።

«እሱስ መቼ ከኦቾሎኒ ተለይቶ ያውቃል?»

ሳቁ ከአክስቴ ጀመረ። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳቀች። «ኪስ ጓዳ አይደለም ብዬው ነበር! ስንት ጊዜ ብዬው ነበር!» ትላለች ወደ ኮቱ ጣቷን ቀስራ። ኮቱም እንደ ባለቤቱ መልስ አላጣም፤ ዝም ብሎ ትከሻውን ዘርግቶ ያያታል።

ሳቁ ሲበርድ ልጇ ኮቱን ደረቱ ላይ ለካው። «በቃ፣ ኪሱን ብቻ እናራግፈው። አይታጠብ። እንዲሁ እለብሰዋለሁ፤ ሽታውም ይቆይሽ።»

እኔ እሺ የምትል መስሎኝ ነበር። አክስቴ ግን ኮሌታውን በጣቷ ዳበሰችው፣ የላቡ መስመር ያለበትን ቦታ።

«አይሆንም» አለች። «ዛሬ በኦቾሎኒው ተረፍኩ። ቀጥሎ የሚመጣው የሱፉ ነው፤ እሱ ይሄን ላብ አይምርም። ያኔ ሽታውም ኮቱም አይኖረኝም።» ኮሌታውን ወደ እኛ ዘረጋችው። «ኑ፣ አሽቱት። አንዴ አንዴ ብቻ።»

ተራ በተራ አሸተትነው። ልጇ ዓይኑን ጨፍኖ «አባዬ» አለ። እኔ ሳሙናና ናፍጣ አገኘሁ። ጋጋሪው ለረጅም ጊዜ ኮሌታው ውስጥ ቆየ፤ ሲወጣ ቅንድቡ ላይ ያለው ዱቄት ረጥቦ ነበር። አክስቴ የመጨረሻዋ ሆነች።

አርብ ማለዳ በቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ሳሙና አጠበችው። ሳትጨምቅ፣ በፎጣ ውስጥ እየጠቀለለች፣ እንደ ሕፃን። በሰፊ መስቀያ በረንዳው ጥላ ላይ ሰቀለችው። ለኪሱ ከቲያትር ቤቱ የተረፋትን ቀይ ሳቲን አወጣች፤ ሰባት ንጉሥ የለበሰው የዚያ ካባ ገበር ቁራጭ ነው። የሾፌር ልጅ በንጉሥ ኪስ ሊያገባ ነው። መርፌዋን ይዛ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ነፋስ ሲመጣ ባዶው እጅጌ ይነሳና ትከሻዋን ነካ ያደርጋል፦

ታጥቦ የተሰጣ ኮቱ በነፋሱ፣
እጁን ዘረጋልኝ፣ አለሁ አለኝ እሱ።

እሁድ ጠዋት ልጇ ለብሶት መስታወት ፊት ቆመ። ትከሻው ልክ ነው፤ ወገቡ ልክ ነው። ጋጋሪው ተነስቶ በወታደር ሰላምታ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። አክስቴ ብሩሿን ይዛ መጣች። አንገት ሥር ጠረገች፣ ብብት ሥር ጠረገች፣ የኪስ ክዳን ሥር ስትደርስ እጇ ቆመ። ውስጠኛው ኪስ አብጧል። እጇን ከትታ አወጣችው፤ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ገና ትኩስ ኦቾሎኒ።

ልጇ ጣሪያውን አየ። ጋጋሪው ወለሉን አየ። ለሠርጉ ሲባል የተዘጋው ዳቦ ቤት ምድጃው ለምን በማለዳ እንደተቆሰቆሰ ገባኝ።

«ኪስ ጓዳ አይደለም!» አለች አክስቴ።

«ጓዳሽን ቆልፈሽብኝ፣» አለ ልጇ፣ በአባቱ ድምፅ፣ «እኔ የት ልሂድ?»

ወረቀቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ በቀዩ ሳቲን ኪስ ውስጥ መልሳ አስገባችው፤ ከላይም መታ መታ አደረገችው።

«እስከ ማታ ነው» አለች። «ነገ ጠዋት ኪሱን ገልብጬ ነው የምረከብህ። ተቦርሾ፣ ታጥቦ፣ በናፍታሊን ይቀመጣል።» በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። «ደግሞ ሳትጨርሰው እንዳትመጣ!»